አጥር ሥር የተከልነው መጭ

ባለፈው መስከረም መስቀልን ከእናቴ ጋር ለመዋል ወደ ሚዛን ስነሳ፣ ጅማ መናኸሪያው በር ላይ አንድ ወጣት በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ አበቦች መሬት ላይ ደርድሮ ሲሸጥ አየሁ። ነጭ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ ቢጫ አለ። ቆም ብዬ ሳይ ገዢ መሆኔን ጠረጠረና «ክሪሳንተመም ነው እናቴ፣ ከደብረ ዘይት ነው የመጣው። ወር ሙሉ አይጠወልግም» አለኝ። ያን የሚያክል ስም ምላሱ ሳይደናቀፍ መጥራቱ ገረመኝ። የምወስደው ሚዛን ነው ስለው ግን ትንሽ አሰብ አደረገና «እንግዲህ ዝናብ እንዳይነካው ነው» አለ።

ሚዛን ላይ በመስከረም ዝናብ የማይነካው ነገር የት እንዳለ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ነጩን ገዛሁ። ጎጀብን ስንሻገር፣ ቦንጋን ስናልፍ፣ ከዚያም ጫካው መንገዱን ከግራና ከቀኝ ሲውጠው ያ አበባ ጭኔ ላይ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለማን እንደምወስደው ጠየቁኝ። ለእናቴ ነው አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን አበባውን ያስገዛኝ አባቴ ነው። እሱ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው።

አባቴ ደምሴ ይባላል፣ የቡልጋ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአንድ ዘመዱ ጋር ወደ ሚዛን ተፈሪ ወርዶ እዚያው ቀረ። እናቴን፣ የቦንጋዋን ልጅ፣ አገባ። ገበያው ዳር ካለ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። የኛን ሰፈር ልጆች ዩኒፎርም የሰፋው እሱ ነው። ጉልበታቸው ላይ ሲቀደድ የጣፈውም እሱ ነው።

ዓይኑ መድከም የጀመረው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለሁ ነው። መጀመሪያ ክር ማስገባቱን ለእኔ ተወው። ቀጥሎ በረንዳው ላይ የሚያልፈውን ሰው ሰላምታ መንሳት ጀመረና ኮራ ተባለ። ጅማ ሄዶ ሲታይ ሐኪሙ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቡን እንደጎዳው ነገረው። ጠብታ ሰጠውና የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እስከ መቼ እንደሚቆይ እንደማያውቅ አስረዳው። አባቴ ሲመለስ በራሱ ቋንቋ ተረጎመልን። «ከእንግዲህ በመርፌ ቀዳዳ ነው የማየው። ክሩ ያልቃል፣ መቼ እንደሚያልቅ ግን አይታወቅም» አለ።

ሰው ዓይኑ ሊጠፋ ሲል ምን ማየት ይመኛል? እናቴ ይህን ነገር በሆዷ ይዛው ቆይታ አንድ ቀን እራት ላይ ጠየቀችው። ልጆቼን፣ ወይም አንቺን እንዲል የጠበቀች ይመስለኛል። እሱ ግን ሳይቆይ «አደይ አበባ። አንድ መስከረም ብቻ፣ ሜዳ ሙሉ ሆኖ» አላት።

«እኛን አይተህ ጠግበሃላ» አለችው፣ ጎመኑን ወደሱ እየገፋች።

«እናንተን በድምፅም አያችኋለሁ። አደይ ድምፅ የለውም።»

ሚዛንን የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ምኞት ሊመስለው ይችላል። የኛ አገር መስከረም ግን እንደ ደጋው አይጠባም። ክረምቱ ወጣ ሲባልም ዝናቡ ይወርዳል፣ ጉሙ ከቡናው ጥላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያረፍዳል፣ ያጠብነው ልብስ ሳይደርቅ ይሸትታል። አደይ ያን አይወድም። አባቴ ከአንዴም ሁለቴ ከቡልጋ ዘር አስመጥቶ ዘርቶ ነበር። ቅጠሉ ጉልበት ድረስ ደርሶ ያምራል፣ ከዚያ ወገቡን ይቆርጠውና ጭቃው ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል። እናቴ በየዓመቱ በቦታው ጎመን ትተክልበታለች።

ከጅማ በተመለሰበት ዓመት መስከረም ላይ አንድ ደንበኛው የሆነ ሾፌር ይህን ምኞቱን ሰምቶ ከአዲስ አበባ የአበባ ተክል አመጣለት። በዚያ ጭቃ መንገድ ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበሩ ሥር ይዞት መጣ። ነጭ ነበር፣ ቅጠለ ብዙ። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ የፈረንጅ አበባ አልነው። ከጅማ የገዛሁትም ያው ዓይነት ነው። አባቴ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲያየው ቆየና ሾፌሩን አመስግኖ ሸኘው። ከሄደ በኋላ «ነጭ ለኔ አልሆነም፣ ከጉሙ አልለየውም። አሁን ጎልቶ የሚታየኝ ቢጫ ብቻ ነው» አለን። በረንዳው ላይ አስቀመጥነው። ዝናቡ በነፋስ እየገባ መታው፣ አበባው ቡናማ ሆኖ እንደረጠበ ወረቀት ተላቀቀ። ሳምንትም አልቆየም።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፣ ቤት ነው የዋልኩት። ሥራ የሌለው ሰው መንገድ ያያል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ ሸዋ ቤንች ለለቅሶ ስንሄድ፣ ከመኪናው መስኮት አንድ ነገር አይቼ ነበር። ጫካው ተመንጥሮ ብርሃን በገባበት ሁሉ፣ ከቡናው ጠርዝና ከመንገዱ ዳር፣ ወገብ የሚደርስ ቢጫ አበባ። ያኔ ዝም ብዬ አለፍኩት። ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ግን ያ ቢጫ ዓይኔ ላይ ይመላለስ ጀመር። ሰኔ ሲገባ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ወደዚያው ሄድኩ። አበባ ባይኖረውም ቦታውን አውቀዋለሁ። ሥሩን ከነአፈሩ ቆፍረን በኮባ ጠቅልለን በጀርባችን ተሸክመን መጣን።

አባቴ አንዱን ቅጠል በጣቱ አሽቶ አሸተተና ሳቀ። ብዙ ጊዜ ሳቁን አልሰማሁም ነበር።

«ይሄ እኮ መጭ ነው። እኛ አገር ከጤፍ ውስጥ እየነቀልን የምንጥለው። ልጄ አረም ተሸክማ መጣችልኝ።»

«አበባው ቢጫ ነው፣ አይቼዋለሁ» አልኩት፣ ተናድጄ።

ቅጠሉን እንደገና ዳሰሰው። ከዚያ ድምፁ ለወጥ ብሎ «ነው እንጂ። ከሩቅ ላየው ከአደይ አይለይም። ለእኔ ደግሞ አሁን ሁሉም ነገር ሩቅ ነው» አለ። ተነስቶ እጁን ለመቆፈሪያው ዘረጋ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ። ተከዪው።»

ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ሥር በረድፍ ተከልነው። ፍግ አልጨመርንበትም፣ የሚዛን አፈር ራሱ ጮማ ነው። ሐምሌ ላይ የጎረቤታችን ፍየል በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ የሦስት አራቱን ጫፍ በላችብኝ። እያለቀስኩ ድንጋይ ወረወርኩባት። ጥቂት ቆይተን ስናይ ግን የተበሉት ከሥራቸው ብዙ ቅርንጫፍ አውጥተው ተንዠርግገዋል፣ ያልተበሉት እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብለው ቀርተዋል። አባቴ «ፍየሏ ካንቺ ትሻላለች» አለና የሌሎቹንም ጫፍ አብረን ቆነጠጥን። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ረድፉን በእጁ እየዳሰሰ ይሄዳል። ጨርቅ ሲለካ እንደሚያደርገው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ግንዱን ያዝ፣ ለቀቅ። «ወገቤ ደርሷል» ይላል። ጳጉሜ ላይ «እምቡጥ ይዟል» አለ፣ ከእኔ ቀድሞ።

ዓይኑ ግን ያልቅ ነበር። በመስከረም መግቢያ በሩን ሲወጣ ትከሻው ከመቃኑ ጋር መጋጨት ጀመረ። ሌሊት ሌሊት እናቴ ስትጸልይ እሰማ ነበር። እኔም በሆዴ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መጀመሪያ አበባው ይፈንዳ።

አሁን ስለ ጋሽ ማርቆስ መናገር አለብኝ። የፍየሏ ባለቤት ነው። የቤንች ሰው፣ ቡና ገበሬ፣ ከአባቴ በዕድሜ የሚያንስ። የአባቴና የሱ ወዳጅነት የተጀመረው በአጥር ጠብ ነው ይባላል፤ እኔ ስደርስ ግን ጠቡ ቀርቶ አጥሩ ብቻ ነበር የቀረው። ጋሽ ማርቆስ በዚያ ክረምት ቤቱ አልነበረም። ራቅ ያለ ቦታ በቆሎ ዘርቶ ስለነበር ዝንጀሮ እንዳይጨርስበት ማሳው ላይ ጎጆ ቀልሶ ሲጠብቅ ከረመ። የተመለሰው የመስቀል ዋዜማ ነው። ስለ ተከልነው ነገር የሚያውቀው አንድም የለም። የነገሩት የአባቴ ዓይን እንደባሰ ብቻ ነው።

የመስቀል ጠዋት እኛ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጋሽ ማርቆስ ጴንጤ ስለሆነ ቤቱ ነበር። ስንመለስ ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ አገኘነው፤ ገጀራው በእጁ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቶ። ከኋላው ግቢያችን ጸድቷል። ከበሩ እስከ ጓሮው ሣሩ፣ ቁጥቋጦው፣ አረሙ ሁሉ ተመንጥሯል። አጥሩ ሥር ረድፉ የነበረበት ቦታ ላይ ጣት የሚያህል ጉቶ ብቻ ይታያል። ያጨደውን ከቡናው ሥር አንጥፎት ነበር፣ ለቡና ጥሩ ነው። በበነጋታው ሊፈነዱ የነበሩት እምቡጦች ጫፋቸው ቢጫ እያሳየ ከሣሩ ጋር ተቀላቅለው ተረግጠዋል።

«ጋሽ ደምሴ፣ እባብ ፈራሁ። ዓይን የደከመ ሰው ደጁ ጫካ መሆን የለበትም። አሁን እባብ ቢመጣ ሚስትህ ታየዋለች» አለ ጋሽ ማርቆስ።

እናቴ አፏን ስትከፍት አባቴ ክንዷን ያዘ። እሱ አላየም፤ ግን የትኩስ ሣር ሽታ አለ፣ ደግሞም የእኔን ትንፋሽ ሰምቷል። ምን እንደተደረገ ገብቶታል። «እግዜር ያክብርህ ማርቆስ። ደጄን አበራኸው። ግባ፣ በዓል አብረን እንዋል» አለው። አብረው በሉ። አባቴ ሲስቅ፣ ሲያጎርሰው ዋለ። ጋሽ ማርቆስ ወደ ቤቱ ሲሄድ አባቴ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እኔ እምቡጦቹን ከቡናው ሥር ለቅሜ በጣሳ ውሃ ውስጥ አቆምኳቸው። ሳይከፈቱ ጠወለጉ።

እናቴ ግን አባቴ አይደለችም፣ ሆዷ ነገር አይችልም። በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ላይ ለጋሽ ማርቆስ ነገረችው። ያን ቀን ማታ መጥቶ ደጃችን ላይ መሬት ተቀመጠ። በርጩማ ስሰጠው አልተቀበለኝም።

«አላወቅኩም ጋሽ ደምሴ። እኛ ጋ ይሄ አረም ነው። ለአንተ ዓይን ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። መጭ ታጭዶ አይሞትም፣ ይበቅላል» አለው አባቴ።

«አንተስ?» አለ ጋሽ ማርቆስ። ዓይንህስ ይቆያል ወይ ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ የጋሽ ማርቆስን ድካም ለመናገር ይከብደኛል። ማጂ ደጋ ነው፣ እዚያ አደይ አይጠፋም ብሎ አንድ ሰው ነገረው። የቡና መልቀሚያው ጊዜ ደርሶ ሳለ ሥራውን ትቶ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ግማሹን በእግሩ ወጣ። ሲመለስ በኮባ የተጠቀለለ አበባ በብብቱ ይዞ ነበር። አባቴ ፊት ሲፈታው ግንዱና ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል። ቢጫው በመንገድ ላይ ረግፎ ኮባው ውስጥ ልሟል። አባቴ ከኮባው ላይ በጣቱ እያነሳ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «ይታይሃል?» ሲለው «ትንሽ» አለ። ትንሽ ማለቱ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ጉቶዎቹንም ይንከባከብ ነበር። ጠዋት ከቡናው በፊት እኛ ጋ ይመጣል። ፍየሏ እንዳትገባ እሾህ አጠረበት። ከረድፉ ከበሩ በኩል ያለው ግማሹ ውሃ ቋጥሮ በሰበሰ፣ እናቴም እንደ ልማዷ ጎመን ተከለችበት። ከጓሮ በኩል ያለው ግን አቆጠቆጠ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት አባቴ ከአልጋው ሳይነሳ እናቴን «መስኮቱን ምነው ሳትከፍቺው?» አላት። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ፀሐይዋ ብርድ ልብሱ ላይ ነበረች። እናቴ ሄዳ የተከፈተውን መስኮት ነካ ነካ አደረገችው። እሱም ገባው። ከዚያ በኋላ የተናገረው ነገር «ለማርቆስ እንዳትነግሩት» የሚል ብቻ ነበር። ግቢውን በልቡ ስለሚያውቀው ያለ ምርኩዝ ይወጣል፣ ይገባል። ጠዋት ጋሽ ማርቆስ ሲመጣ በድምፁ ለይቶ ሰላም ይለዋል። እኛም እናግዘው ነበር።

መጩ የፈነዳው ኅዳር ላይ ነው። ከተማው ሁሉ የሚደርቅ ቡና በሚሸትበት ወቅት። ጠዋት ጋሽ ማርቆስ እየሮጠ መጣና «ጋሽ ደምሴ፣ ና፣ ወጥቷል» አለ። አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። ልደግፈው ስል እጄን ገፋው። ብቻውን፣ ቀጥ ብሎ፣ ረድፉ ይጀምርበት ወደነበረው ቦታ፣ ወደ በሩ በኩል ሄዶ ቆመ። አበባው ወደ ጓሮው በኩል፣ ከጀርባው በስተግራ ነበር። ያን የሚያክል ቢጫ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። አባቴ ፊቱን ወደ እናቴ ጎመን አድርጎ ቆየ።

«ልክ እንደ ቡልጋ። ቢጫው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አየሁት ማርቆስ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ከእንግዲህ ቢጠፋም አይቆጨኝ» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ጋሽ ማርቆስን ለማየት ድፍረት አጣሁ፣ መሬት መሬት ሳይ ነበር። ድምፁን ብቻ ሰማሁ። «እሰይ ጋሽ ደምሴ፣ እሰይ» አለ። መጥቶ አቀፈውና ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ማርቆስ ወደ ቡናው ተመለሰ፣ ቀለል ያለው መሰለን። የአባቴ ዓይን መጥፋቱ ለሰው ሁሉ የተነገረው ከገና በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በጨለማ ኖሮ ሞተ፤ ያን ጠዋት አንስተን አናውቅም። ቤታችን ውስጥ እንዳይነሱ የተስማማንባቸው ነገሮች ጥቂት ነበሩ፣ እሱ አንዱ ነው።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም ሚዛን ደርሼ ነጩን አበባ በእናቴ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ አርጅታለች፣ ምላሷ ግን አላረጀም። አበባውን አየችና «ይበላል?» አለችኝ። በማግስቱ ጋሽ ማርቆስን ልጠይቅ ሄድኩ። አሁን ገጀራውን ልጆቹ ናቸው የሚይዙት። እሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያዛል። ቡናው ሥር ሁሉ ታጭዶ ጸድቷል። ከአጥራችን ጋር የሚዋሰነው ጠርዝ ላይ ግን አንድ ረድፍ መጭ፣ እምቡጥ እንደያዘ፣ ሳይነካ ቆሟል። ሰፈሩ ይስቅበታል አሉ። ቡና ገበሬ አረም ሲያሳድግ ማን አየ።

«ጋሼ፣ አሁንም አታስነካቸውም?» አልኩት።

«አላስነካም።» በአገጩ ወደ ረድፉ አመለከተኝ። «እሱ አላያትም እኮ።»

ማንን፣ ምንን ብዬ አልጠየቅኩም።

«ጎመኑን ነበር የሚያየው» አለ ጋሽ ማርቆስ።

«ታዲያ ለምን አልነገርክም? ይሄን ሁሉ ዘመን?» አልኩት።

«ለማን ልንገር? እሱ እኔ እንዳርፍ ብሎ ዋሸ። እኔም ያረፍኩ መሰልኩለት። እንዲህ ነው የተለያየነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እናትሽስ?»

«እሷም።»

ራሱን ነቀነቀ። ልጆቹ በቡናው ውስጥ ሲያጭዱ ይሰማል፤ ወደ አጥሩ ሲጠጉ ድምፁን ከፍ አድርጎ በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገራቸውና መለስ አሉ። ማታ ወደ ቤት ስገባ ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ ነጩ አበባ በረንዳው ላይ ረጥቧል። አላነሳሁትም። ያን ጠዋት ግቢው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፣ አባቴ አለማየቱን የቀረነው ሁላችንም ለየራሳችን ደብቀን ያዝነው። እሱ ግን ጋሽ ማርቆስን ያታለለው መስሎት ሞተ።